የይሉኝታ ሲሶ

መጋቢት አስራ አራት ነበር። እህትየው ይህን ታሪክ ባነሳች ቁጥር ከዚህ ትጀምርና ወዲያው ራሷን ታቋርጣለች። «አስራ አራት ልበል ወይስ አስራ አምስት? ቆይ፣ ጎሚስታው ልጁን ያስመረቀበት ሳምንት ነው፤ እሱ ደግሞ ቅዳሜ ነበር…» ትልና ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፋለች፤ ትንሿ ጣት ላይ ስትደርስ ሂሳቡ ይጠፋባታል። «ተዉት፣ ቀን ምን ያደርጋል» ብላ ታልፈዋለች። ቀኑ ይጥፋት እንጂ ሌላው ሁሉ እንደ ትናንት ነው። ሰማዩ ደመና አርግዞ መውለድ አቅቶት ነበር። የጋራዡ ቆርቆሮ በነፋስ ይንኳኳ ነበር። እሷም መስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ ከአንድ ከረጢት የተረፈ ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ በጣቶቿ ታሽ ነበር። አንድ ነገር ረስታለች፤ ምን እንደ ረሳች ግን አልመጣ ብሏታል።

ጋራዡ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከፊት ጎሚስታው ጎማ ይጠግናል። ከኋላ፣ ግድግዳው በእጅ አሻራ በጠቆረው ክፍል፣ ታላቅ ወንድሟ የቤት መኪናዎች መብራት ይዘረጋል። ቤት መኪና የሚሏት አልጋ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ የተገጠመላት፣ ሰው እንደ ቀንድ አውጣ ቤቱን ተሸክሞ የሚጓዝባት መኪና ናት። እህትየው ደግሞ ለነዚሁ መኪናዎች መጋረጃ፣ የፍራሽ ልብስና የዕቃ ከረጢት ትሰፋለች።

ወንድምየውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ስንት ይለዋል። ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ምንም ነገር ቢያወሩት የሚመልሰው «ስንት?» ብሎ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ሠርግ ላይ ሙሽራውን እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሲያቅፈው፣ እዚያው ጆሮው ሥር «ይሄ ድምፅ ማጉያችሁ ስንት አምፔር ነው የሚስበው?» ብሎ ጠይቆታል ይባላል። ጎሚስታው ይህን እየተረከ ሲስቅ እሱም አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን «ለነገሩ ብዙ ነበር የሚስበው፣ ሽቦው ይሞቅ ነበር» ማለቱ አይቀርም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። ባትሪ የሚነካው በእጁ ጀርባ ነው፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባር እንደሚነካ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በጎልማሳነቱ የክር ፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነበር፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ዘፈን ከአፉ የማይጠፋ፣ ሲተኛ ደግሞ ድንጋይ። እናታቸው «ሰማይ ቢደረመስ ይሄ ልጅ ዞር ብሎ ነው የሚተኛው» ትል ነበር። ከዚያ እናትየው ታመመች። ሳንባዋ ደከመና አየር እያጠራ የሚሰጣት ማሽን ቤት ገባ። የሰፈሩ መብራት መጣሁ ሄድኩ ስለሚል እሱ ማሽኑን ከባትሪ ጋር አያያዘው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እህትየው ክር ልትገዛ ወጥታ ሳለ፣ ማሽኑ ቆመ። እሱ ከፈረቃ መጥቶ በሚቀጥለው ክፍል ተኝቷል። እህትየው ስትመለስ ማሽኑ ሥራውን ጀምሯል፤ እናቷ ትራስ ተደግፋ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ እሱ የበሩ መቃን ላይ ተለጥፎ ቆሟል። «አልጠራችኝም» አለ።

እናትየው ያን ቀን ተረፈች፤ ሌላ ክረምት አይታ ነው በራሷ ጊዜ ያረፈችው። ሆኖም በሁለቱ ክፍሎች መካከል የነበረው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው፤ በጣት ቢያንኳኩት ይሰማል። ለምን አልጠራችውም? ሲገባስ ምን አለችው? እህትየው ይህን ልትጠይቀው ባሰበች ቁጥር ወይ ሰው ይመጣል፣ ወይ እሱ ዕቃ ላንሳ ብሎ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ ሲል ፀጉራቸው ሸበተ። እሱ ፋብሪካውን ተወ፣ ዘፈኑንም ተወ፤ እንቅልፉ የወፍ ሆነ። «ስንት?» ማለት የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ለደንበኞቹ ነገሩን የሚያስረዳው በዘበኛ ነው። የሊትየም ባትሪ ሀብት የሞላበት ግቢ ነው ይላቸዋል፤ በሩ ላይ ዘበኛ ከሌለው ግን የኔ አትበሉት። ዘበኛ የሚለው ከመጽሐፍ የማትበልጥ፣ ሽቦ የሚወጣባትን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው። ባትሪው ከልኩ አልፎ እንዳይሞላ፣ ተሟጦ እንዳያልቅ፣ ከአቅሙ በላይም እንዳይሳብ ይጠብቃል። ከአቅሙ በላይ ከሳቡት ጥቂት ይታገሥና ቁርጥ ያደርገዋል። ያኔ መብራት የለ፣ ማቀዝቀዣ የለ፣ ምንም የለ፤ የበዛው ጭነት ካልተነሳለትም አይከፍትም። እንግዲህ ጭንቁ ሁሉ የዘበኛው ልክ ነው። የመቶ አምፔር ይሁን፣ የመቶ ሃምሳ፣ የሁለት መቶ? ካነሰ በክፉ ሰዓት ያጨልማል። ከተለቀ ደግሞ ሽቦውም ፊውዙም አብሮ መወፈር አለበት፤ አለዚያ ዘበኛው ዝም ብሎ ሲያይ ሽቦው ይነዳል።

ስለዚህ ጋሽ ስንት ሁለት ደንብ አለው። መጀመሪያ ባለመኪናዎቹ መኪናዋ ውስጥ የሚያበሩትን ሁሉ ያስቆጥራቸዋል። ድምሩ ላይ ሲሶ ይጨምርበታል። ይህንን «የይሉኝታ ሲሶ» ይለዋል። ሰው ያለውን ሁሉ አይናገርም፤ አስቸገረ እንዳይባል፣ ቅንጦት አበዛ እንዳይባል አንዱን ይውጠዋል። የፀጉር ማድረቂያ የምትደብቅ ሙሽራ አይቷል፤ ትልቅ ቴሌቪዥን «ትንሽዬ» ያለ ቄንጠኛም አይቷል። ሁለተኛው ደንብ መኪናዋ ከመሄዷ በፊት የሚሆን ነው። ቤተሰቡ ዕቃውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፣ እሱ መሐል ይቆምና «ሁሉንም አብሩ» ይላል። ሁሉም ባንድ ላይ ይበራል፤ እሱ የእጁን ጀርባ ሽቦው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ጎሚስታው ይህን ሰዓት «ጸሎቱን ጀመረ» ይለዋል።

በዚያ ሰሞን የመጡት ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌርና ባለቤቱ ነበሩ። ሾፌሩን ሁሉም ካፒቴን ይለዋል። ዕድሜ ልኩን መሪ ይዞ የኖረ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው፤ ሳንባው ግን አልታዘዝ ብሎታል። ቁጭ ሲል ደህና ነው። ጋደም ካለ ማሽኑ ያስፈልገዋል፤ ያንኑ፣ የእናታቸውን ዓይነት። ሩቅ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ልጃቸው የመጀመሪያዋን ልትገላገል ደርሳለች። በአውቶቡስ እንዳይሄዱ ማሽኑን የት ይሰኩታል? ስለዚህ አሮጌ ሚኒባስ ገዝተው ቤት መኪና አደረጓት። ባትሪዋ ደህና ነው፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚለውጠው ኢንቨርተሯም ከድሮ ባለቤቷ የመጣ ትልቅ ነው። የቀረው ዘበኛው ነበር።

«እኛ ምን አለን ልጄ» አለች ባለቤቱ፣ ሲያስቆጥራቸው። ደቃቃ ናት፤ ስትናገር አፏን በእጇ ሸፈን ታደርጋለች። «የሱ ማሽን ነው እንግዲህ። ያቺ ማቀዝቀዣ። መብራቱ፣ ማራገቢያው፣ ውሃ የምትገፋው ነገር።»

«ሌላስ፣ እማማ?»

«ሌላ ምን ሊኖረን።»

እህትየው ያኔ መጋረጃ እየለካች ነበርና ሰምታለች። ወንድሟ ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ጊዜ ይጠይቀዋል። «ካውያስ? ምጣድስ? ማታ ማታስ ምን ታደርጋላችሁ?» እያለ ያስጨንቀዋል። ይህችን ሴት ግን ሁለተኛ አልጠየቃትም። ድምጿ ነው መሰለኝ ትላለች እህትየው፤ ድምጿ እናታቸውን ይመስላል፣ ያ አፍን የመሸፈን ነገርም አለ። እንደዚያ ያለችን እናት በጓዳዋ ዕቃ ማፋጠጥ አልሆንልህ አለው። ማሽኑ ሠላሳ፣ ማቀዝቀዣው ስድስት፣ የቀረው ተሰብስቦ አስር። አርባ ስድስት። የይሉኝታ ሲሶ አስራ አምስት። ስልሳ አንድ። መደርደሪያው ላይ የመቶ ዘበኛ አለ፤ ከበቂም በላይ ነው። የሁለት መቶ ከተፈለገ ግን ከሩቅ ተልኮ ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ የመጣውም አንዱ ሌላ ደንበኛ፣ አንድ አይስክሬም ሻጭ፣ ያዘዘው እንደ ሆነ፣ ለጎሚስታው ሲነግረው ሴትየዋ ቆማ ሰምታለች።

«ሁሉንም አብሩ» ባለበት ቀን ሁሉም በራ። ካፒቴኑ አልጋው ላይ ተንጋሎ ቱቦውን አፍንጫው ላይ ሰክቶ «ተሳፋሪ ሞልቷል፣ በሩን ዝጋው» ብሎ አሳቃቸው። ሽቦው ቀዝቃዛ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ባልና ሚስት ጉዞ ጀመሩ።

እህትየው በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ነው እንግዲህ ቁራጭ ጨርቁን ስታሽ የነበረችው።

ከረጢቱን ያሰፋቻት የካፒቴኑ ሚስት ናት፤ በመጨረሻው ቀን፣ ወንድሟ በሌለበት፣ እንደ ሚስጥር ዝቅ ባለ ድምፅ። መንገድ ላይ እንዳትጋጭብኝ ለማንቆርቆሪያዬ ልብስ ሥሪልኝ አለቻት። ልኳን በስንዝር አሳየቻት። «ከጎኗ ደግሞ ትንሽ ኪስ አድርጊላት፣ ለገመዷ።» እህትየው አንገቷን አቀርቅራ ስትሰፋ ስለ ጨርቁ እንጂ ስለሌላ አላሰበችም። ምድጃ ላይ የምትጣድ ማንቆርቆሪያ ገመድ የላትም። ይህ አሁን፣ ጨርቁ እጇ ውስጥ እያለ፣ ከየት መጣ ሳይባል ጭንቅላቷ ውስጥ በራ።

ወንድሟ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ሽቦ ይጠቀልላል። ልትነግረው ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። ምናልባት እቤት ትታው ሄዳ ይሆናል። ለቤት የምትተወው ዕቃ ግን የመንገድ ልብስ አያሰፋም። እንደገና ተነሳች።

«ጋሼ፣ ካፒቴኑ ሌሊት እግሩን ይበርደዋል ብለውህ ነበር?»

«አላሉኝም። ምነው?»

«ለኔ ነግረውኛል። በጎማ ኮዳ ሙቅ ውሃ ያደርጉለታል። ሲጋደም ሁሌ፣ በቀንም ቢሆን።» ቁራጭ ጨርቁን አሳየችው። «ማንቆርቆሪያቸው የኤሌክትሪክ ናት። ከረጢቷን እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

ሽቦው ከእጁ አልወደቀም። ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገው፤ ያን ቀን ሳይፈልገው ያገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«እሷ ብቻዋን መቶ ሠላሳ ትስባለች» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማብራራት አላስፈለገውም፤ እህትየው ከዚህ ቤት ስንት ዓመቷ ነው። ካፒቴኑ ይጋደማል፣ ማሽኑ ይነሳል፣ ሚስትየው ለእግሩ ውሃ ትጥዳለች፣ ዘበኛው ጥቂት ይታገሣል፣ ከዚያ ቁርጥ። ማንቆርቆሪያዋ ካልተነቀለች ደግሞ አይመለስም፤ ያንን ደግሞ ማን ነግሯቸው? ማታ የት እንደሚያድሩ አይታወቅ። ከማታው በፊትም ቀትር አለ። ካፒቴኑ ምሳ ከበላ በኋላ ጋደም ሳይል መሪ እንደማይነካ፣ ይህንንም ልማድ ዕድሜ ልኩን እንዳላፈረሰ፣ ራሱ ሲፎክር ሰምተውታል።

ስልክ ደወሉ። ዝግ ነው። ይህም የካፒቴኑ ሕግ ነው፤ መሪ ከያዘ ስልክ አይከፍትም። ሚስትየው የራሷ ስልክ የላትም፤ «ለሁለታችን አንድ ይበቃል» ባይ ናት።

ጋሽ ስንት የአይስክሬም ሻጩን የሁለት መቶ ዘበኛ ከመደርደሪያው አወረደ። እንደ አውራ ጣት የወፈረ ሽቦ፣ ትልቅ ፊውዝ፣ መፍቻዎቹን ከረጢት ውስጥ ወረወረ። እንደ ክፉ አጋጣሚ አይስክሬም ሻጩ ራሱ በዚያች ደቂቃ በሩ ላይ ተገተረ። ዕቃው ወደ መኪና ሲጫን አይቶ የኔን ወዴት ነው የምትወስደው አለ። ተበድሬህ ነው፣ እመልስልሃለሁ አለው። አይስክሬሜ ቢቀልጥስ ሲለው፣ ጎሚስታው ጎማ ላይ እንደ ተቀመጠ «አንተ ደግሞ ጠጣዋ» ብሎ ከመንገድ ገለል አደረገው።

የምትነዳው እህትየው ናት። እሱ እጁ አላረፈለትም። ከጎኗ ተቀምጦ የሽቦውን ጫፍ ይልጣል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ሠላሳና መቶ ሠላሳ፣ መቶ ስልሳ። ማቀዝቀዣው ከተነሳ መቶ ስልሳ ስድስት። ማራገቢያው…» ይቆጥርና ይጨርሳል፤ ደግሞ ከመጀመሪያው። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ ሜዳውን ሰንጥቆ ይሄዳል። ፊት ለፊት ነጭ ሚኒባስ ባየች ቁጥር ልቧ ዘለል ይላል፤ ስትጠጋ የሽንኩርት ነው፣ የተማሪ ነው። አንድ የጭነት መኪና ኮረብታው ላይ እንደ ኤሊ ሲጎተት ከኋላው ተቀርቅረው ቀሩ። ጥሩምባ ብትነፋ ሾፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ‹ቀስ› የሚል ምልክት አሳያት። ቀትር እየቀረበ ነው። ደመናው ሥር ያለው ብርሃን ቢጫ ሆኗል።

«ሁለተኛ ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር» አለ ወንድሟ፣ ለሷ ይሁን ለሽቦው ሳይታወቅ።

አይነግሩህም ልትለው ፈልጋ ተወችው። ታውቃለች፤ አይነግሩትም ነበር። መቶው ይበቃቸዋል ብሎ ሲደሰት እያየችው፣ ሌላው ሳምንታት ይፈጃል ሲል ሰምታ፣ ልጇ ምጥ ላይ ልትሆን፣ ያቺ ሴት «ማንቆርቆሪያም አለችኝ» ብላ አንድን ሰው አታስቸግርም። ለዚህ ዓይነቱ ሰው ሲሶ አይበቃም። አንዳንዱ ይሉኝታ ከሰውየው ይገዝፋል።

ከድልድዩ ማዶ፣ ከባድ መኪናዎች የሚያርፉበት ዛፍ የበዛበት ሜዳ አለ። እህትየው መኪናዋን ያወቀቻት በመጋረጃዎቿ ነው፤ ግራጫው ላይ ቢጫ ጥልፍ፣ የገዛ እጇ ሥራ። ሁሉም ተዘግተዋል። ያ ማሽን ሲሠራ እንደ ተናደደ ንብ ነው፤ ከሩቅ ይሰማል። ሞተሯን አጥፍታ አዳመጠች። የወፍ ድምፅ ብቻ።

ወንድሟ መኪናዋ ሳትቆም ወርዷል። በሩን አንኳኳ፤ እያንኳኳም ጎተተው።

ካፒቴኑ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ አየርን እንደ ትኩስ ነገር ፉት ፉት ይላል። የሸሚዙ ቁልፎች ተከፍተዋል። ከንፈሩ ሰማያዊ ጠቆር ብሏል። ሚስቱ አጠገቡ ተንበርክካ በካርቶን ታራግብለታለች። ማንቆርቆሪያዋ ከረጢቷን አውልቃ፣ እንደ ተሰካች፣ ሉካንዳ ላይ እንደ ተያዘ ሌባ ጥግ ላይ ቆማለች።

ጋሽ ስንት ማንቆርቆሪያዋን ነቀለ። ከአልጋው ሥር ገብቶ ዘበኛውን ቀሰቀሰው። ማሽኑ አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያ የንብ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እህትየው ቱቦውን ካፒቴኑ አፍንጫ ላይ አስተካከለችለት፤ እጁን ስትይዘው እንደ ብረት ቀዝቅዞ ነበር። ሁሉም የሱን ደረት ያያሉ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ከብዙ ጊዜ በኋላ በሚመስል ሁኔታ ከንፈሩ ቀለሙ ተመለሰ፤ ዓይኑን ገለጠና ጋሽ ስንትን አየው።

«ትኬት… ቆርጠሃል?» አለው።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ስንት ወደ ውጭ ወጥቶ መወጣጫው ላይ ተቀመጠ። ሚስትየው ተከትላው ወጣች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«መቼ ነው የጠፋው፣ እማማ?»

«ውሃዋ እንኳ ሳትሞቅ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ።»

«ለምን አልደወላችሁልኝም?»

«ስልኩን ልከፍት ብዬ ነበር ልጄ» አለች። «ደግሞ ሰዓቱን ሳየው ምሳ ላይ ይሆናሉ አልኩ። እንዴት ከገበታ አስነሳችኋለሁ?»

እህትየው ከበሩ ውስጥ ሆና በቅጡ ሰማችው፤ «እሷም ልክ እንዲህ ነው ያለችኝ» አለ።

ሴትየዋ አልገባትም። እህትየው ግን ገባት። ከዚያች ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ያላት መልስ «አልጠራችኝም» የምትለው ብቻ ነበረች። ለካ እናቷ እንዴት ከእንቅልፍህ አስነሳሃለሁ ብላዋለች። ለካ በዚያ ጠባብ ክፍል፣ እሷ ክር ስትመርጥ፣ በእናትና በልጅ መካከል ያለፈ ቃል አለ፤ እሱም ይህን ሁሉ ዘመን ብቻውን ይዞት ኖሯል።

ቢሆንም ሥራ ነበር። አሮጌው ዘበኛ ወጣ፣ የሁለት መቶው ገባ። ቀጭኑ ሽቦ ወጣ፣ ወፍራሙ ገባ፤ ፊውዙም ተቀየረ። እህትየው ፋኖስ ይዛ መፍቻ ታቀብላለች፤ ካፒቴኑ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ትንሽ ተሽሎት፣ በዚህ ዓይነት ስንደርስ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ እናገኘዋለን እያለ ያጉረመርማል። ማሽኑ በጠፋባት በያንዳንዷ ደቂቃ ሁሉም አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ያየዋል። ቁጭ ብሎ ነው፤ ደህና ነው። እንደገና ዞር ብሎ ያየዋል።

ሲያልቅ ጋሽ ስንት መሐል ላይ ቆመ።

«ሁሉንም አብሩ» አለ። ወደ ሚስትየው ዞረ። «እማማ፣ ሁሉንም። እኔን ማስቸገር ከፈለጉ አሁን ነው ማስቸገር።»

ማሽኑ በራ፣ ማቀዝቀዣው፣ ማራገቢያው፣ መብራቱ፣ ውሃ መግፊያው። ማንቆርቆሪያዋ ተሰካች። ጋሽ ስንት ዓይኑን ጨፍኖ የእጁን ጀርባ ሽቦው ላይ አደረገ። ውሃው ማጉረምረም ጀመረ፣ ፈላ፣ ጠቅ ብሎ ቆመ። የንቡ ድምፅ አልተቋረጠም።

ሴትየዋ መሬት መሬት እያየች ከአልጋው ሥር ጎንበስ አለችና በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«ካውያም አለችኝ» አለች። «ትንሽዬ ናት። ለሕፃኑ ልብስ ብዬ ነው።»

ካፒቴኑ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ይቺ ሴት አውቶቡስ ብትሆን ኖሮ ስንት ትርፍ ሰው ደብቃ ትጭን ነበር!» አለ። ያኔ ሁሉም ሳቀ፤ ሚስትየውም አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። ጋሽ ስንት ብቻ አልሳቀም፤ ካውያዋን ገልብጦ ከሥሯ የተጻፈውን አነበበ። ካውያዋና ማንቆርቆሪያዋ አብረው እንዳይበሩ፣ አንዷ ስታርፍ ሌላዋ እንድትሠራ አስጠነቀቃት። አስደገማትም፤ እንደ ተማሪ ደገመችለት። ከዚያ ግን ሦስተኛ ጊዜ አስደገማት፣ አራተኛም።

ሰማዩ በመጨረሻ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ወንድምና እህት ከጀሪካን ውሃ እየተቀዳዱ እጃቸውን ታጠቡ። ሜዳው ላይ ማንም የለም። እንዲህ ሁለት ብቻ ሆነው፣ ሥራ ሳይዙ፣ ደንበኛ ሳይመጣ የቆሙበትን ጊዜ አታስታውስም። ጥቁሩ ቅባት ከጣቶቹ መሐል አልለቅ ብሎታል፤ ደጋግሞ ያሻል።

«ጋሼ» አለች።

«ዛሬ አብሬያቸው አድራለሁ» አለ እሱ፣ አልሰማትም ይሁን ሰምቷት። «ነገ ከሚደርሱበት በአውቶቡስ እመለሳለሁ። አንቺ መኪናውን ይዘሽ ሂጂ። አይስክሬም ሻጩን አባብዪልኝ።»

«ሠርቷል እኮ። አይተኸዋል።»

«አይቻለሁ» አለ። ፊቱ ግን አይቶ ያመነ ሰው ፊት አይመስልም ነበር። «ካልጠሩኝስ?»

ፎጣውን አቀበለችው። እናታቸው ለምን እንዳልጠራችው ሳይሆን፣ እንዴት አድርጋ እንዳለችው ነበር የምትጠይቀው፤ እየሳቀች ነበር ወይ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር ወይ፣ እሱስ ምን መለሰላት። አፏን ስትከፍት ካፒቴኑ ጥሩምባውን ነፋ፤ ረዥም፣ እንደ ድሮው የመነኻሪያ ጥሩምባ። ወንድሟ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለና ሮጠ። ወደኋላ ገብቶ ማሽኑ አጠገብ ሲቀመጥ አየችው፤ ሚስትየው በሩን ጎተተችው፤ ግራጫው መጋረጃ ተዘጋ። መኪናዋ ድልድዩን ወደ ኋላ ትታ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ወደ ባሕሩ ታጠፈች። እህትየው ፎጣው ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እንዳለ፣ ቆማ ቀረች።